የጤና መድንና የሕዝብ አስተያየት

አዲስ ደንብ ለሕዝብ ሲቀርብ አስቀድሞ የሚመረመረው የደንቡ ቁም ነገር ሳይሆን የአቅራቢው ማንነት የሆነ እንደ ሆነ፥ ጥቅሙም ጉዳቱም ሳይታወቅ ይቀራል። ለዚህ የጤና መድን ታሪክ ምስክር ነው።

የጀርመን ምክር ቤት በ1883 (እ.ኤ.አ.) የቢስማርክን የሠራተኞች የሕመም መድን ሕግ ባጸደቀ ጊዜ፥ ለሠራተኛው የቆሙት ሶሻል ዴሞክራቶች ተቃወሙት። ቢስማርክ ከ1878 ጀምሮ ማኅበሮቻቸውንና ጋዜጦቻቸውን ያገደ ሰው ነበርና፥ ስጦታውን እንደ ወጥመድ ቈጠሩት። ኋላ ግን የመድኑን ሣጥን በማስተዳደር ከፍ ያለ ድርሻ የያዙት እነርሱው ሆኑ።

በአገራችንም በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፥ ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፥ ተሁለደሬና ፎገራ ተመረጡ። ፎገራ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፥ በጣና ምሥራቃዊ ዳር የተዘረጋ የሩዝ አገር ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ ሜዳው ይጥለቀለቃል፤ ውሃው ሲጎድልም ወባ ይነሣል። ለመታከም በሬውን የሚሸጥ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት የሚያርስበት ያጣልና፥ መድኑ ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። መዋጮው በቀበሌ በኩል ስለሚሰበሰብ አንዱ ግብር ይመስለዋል። ሌላው ቁጠባ መስሎት፥ «አልታመምሁምና ገንዘቤ ይመለስልኝ» ይላል። ዳሩ ግን ያው ሰው በእድሩ፥ «ከቤቴ ሰው አልሞተምና መዋጮዬ ይመለስ» አይልም። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን ያውቃልና።

የመንግሥት ሠራተኛውስ? በ2002 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 690 መሠረት የማኅበራዊ ጤና መድን ታቀደ፤ በደንቡም ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፥ አሠሪውም ያንኑ ያህል እንዲከፍሉ ተወሰነ። ነገር ግን ሠራተኛው ቅር ስላለው የሚጀመርበት ጊዜ በተደጋጋሚ ተላለፈ። ይህን ቅሬታ ሁሉ አለማወቅ ነው፥ ወይም የፖለቲካ ወገንተኝነት ነው ማለት ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የኑሮ ውድነት የደመወዙን ኀይል ላሳነሰበት ሰው 3 በመቶ ቀላል አይደለም፤ መድኃኒት በታጣበትም ጤና ጣቢያ የመድን ደብተር ብቻውን አይፈውስም።

እንግዲህ ስሕተትንና እውነተኛ ብሶትን ለይቶ ማየት ይገባል። ላላወቀ ይነገረዋል፤ መድኃኒት ላጣ ግን መድኃኒቱ ይቀርብለታል እንጂ ስብከት አይበቃውም።