የጭነት ተሽከርካሪዎች የፍጥነት ወሰንና ቅጣት በምዕራብ ደቡብ ወሎ መስመሮች

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም፣ ከዚያም ወደ አማራ ሳይንት ወረዳ ዋና ከተማ ወደ አጅባር የሚያመራው መስመር የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶና ሸቀጥ የሚያስገቡበት፣ እህልና የቁም ከብት ለገበያ የሚያወጡበት ነው። ሌላው ከመካነ ሰላም ወደ ግንደወይን የሚወስደው መንገድ ደግሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። በእነዚህ መስመሮች ለሚመላለስ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ሕጉ የሚፈቅድለት ከፍተኛ ፍጥነትና መንገዱ የሚፈቅድለት ፍጥነት አንድ አይደሉም። በቅጣት የሚያዘው ግን በአብዛኛው የመጀመሪያው ሲጣስ ነው።

በአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ ተቋማት ለረጅም ዓመታት ሲሰጥ በኖረው የፍጥነት ወሰን ሠንጠረዥ መሠረት አነስተኛ አውቶሞቢል በከተማ ክልል በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲፈቀድለት፣ ከባድ የጭነት ተሽከርካሪ የተፈቀደለት 30 ብቻ ነው። ከከተማ ውጭ ለከባድ ተሽከርካሪ የተቀመጠው ወሰን በአንደኛ ደረጃ መንገድ 70፣ በሁለተኛ ደረጃ 50፣ በሦስተኛ ደረጃ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ውስጥ ወሰኑ ደጋግሞ ይለወጣል። ምልክት ባልተተከለበት ሥፍራ አሽከርካሪው የመንገዱን ደረጃና የከተማውን ክልል በግምት ለመለየት ይገደዳል።

ከቁጥሩ በላይ የሚመዝነው አሽከርካሪው ፍጥነቱን ከመንገዱ፣ ከአየሩና ከትራፊኩ ሁኔታ ጋር የማጣጣም ግዴታ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉም በሚሸፍነው ተራራማ መንገድ ላይ 40 ኪሎ ሜትርም ቢሆን ከመጠን ያለፈ ሊሆን ይችላል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 19 ሜትር ያህል ይገሰግሳል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጅበት ርቀት በ40 ከሚጓዘው ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። በመንገዱ ዳር ከብት የሚነዳ ገበሬ ወይም ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ሲኖር ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው።

በረጅም ቁልቁለት አደጋው ሌላ መልክ አለው። ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ መውረድ በአንዳንድ አሽከርካሪዎች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ መኪናውን አይዝም፤ ሸክሙ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑም ሲግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል። «ፍሬን በጠሰ» ተብሎ ከሚመዘገበው አደጋ ከፊሉ መነሻው ከቁልቁለቱ አናት ላይ ነው። በከባድ ማርሽ ዝግ ብሎ መውረድ የሚመከረውም ለዚህ ነው። በ2010ዎቹ ዓመታት በጭነትና በሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ላይ እንዲገጠም የተደነገገው የፍጥነት መገደቢያ መሣሪያም በዚህ ሁኔታ ብዙ አይረዳም፤ መሣሪያው የሞተሩን ጉልበት ይገድባል እንጂ በራሱ ክብደት የሚወርድን መኪና አያቆምም።

የቁጥጥሩ ሥርዓት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ተደራጅቶ ነበር። በደንቡ መሠረት ጥፋተኛ አሽከርካሪ የገንዘብ ቅጣት ከመክፈሉ ሌላ የጥፋት ነጥብ ይመዘገብበታል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃዱ እስከ መታገድና መሰረዝ ያደርሰዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 557 ደግሞ የገንዘብ ቅጣቱን ከፍ አድርጎታል። በእጅ የሚያዝ ራዳር የሚሠራው ግን ትራፊክ ፖሊስ በቆመበት ቦታ ብቻ ነው። ከፊት የሚመጣ ባልደረባ መብራት ብልጭ ሲያደርግለት ፍጥነቱን ቀንሶ የሚያልፍና ኬላውን እንዳለፈ የሚፈተለክ አሽከርካሪ ጥቂት አይደለም። አይሱዙ የጭነት መኪና በሕዝቡ ዘንድ «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክ ደግሞ «ቀይ ሽብር» የሚል ቅጽል ስም ማትረፋቸው ያለምክንያት አልነበረም።

ነጥቡ የሚመዘገበው በአሽከርካሪው ስም ነው፤ ጥድፊያው ግን ብዙ ጊዜ ከእሱ አይመነጭም። ክፍያው በምልልስ ቁጥር የሚሰላለት ሠራተኛ አንድ ቀን በጭነት ወረፋ ከባከነበት ያንን ቀን የሚያካክሰው በመንገድ ላይ ነው። በወረዳ ደረጃ ጉዳዩን የሚከታተሉ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች የማራገፊያ ሰዓትን ከነጋዴውና ከማኅበራቱ ጋር ቢያስተካክሉ፣ ከከተማ መግቢያ ቀደም ብሎ የወሰን ምልክት ቢያስተክሉና በገበያ ቀን የቁጥጥር ሥፍራውን ሰው ወደሚበዛበት ቢያዛውሩ ከተጨማሪ ቅጣት የበለጠ ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ። ይህ በተለይ ጠጠር መንገድ ወደ አስፋልት በሚለወጥባቸው ቀበሌዎች አስቸኳይ ነው፤ መኪናው በአንድ ጊዜ ሲፈጥን፣ በመንገዱ ዳር የሚጓዘው ሰውና እንስሳ ግን የቀድሞውን መንገድ እንደለመደ ይቆያል።