ጠገራ ብር፤ የብዛትና የእጥረት ትምህርት

በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜኑ ደጋ፣ ከአያቱ የወረሰውን ጠገራ ብር በሣጥን ያኖረ ሰው በላዩ የተቀረጸውን 1780 ተመልክቶ ከፍ ያለ ዋጋ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ይህ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር፣ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዘመን እንጂ ብሩ የተሠራበት ላይሆን ይችላል።

በ19ኛው መቶ ዓመት ጠገራውን በአሞሌ ጨው እየመነዘረ የሚገበያየው ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም ነበር። ስለዚህ መልኩም ዘመኑም ሳይለወጥ በቪየና፣ ከ1935 እ.ኤ.አ. ወዲህም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ደጋግሞ ተቀረጸ። አንጥረኛው ለመስቀልና ለአልቦ ቢያቀልጠውም በምትኩ ሌላ ይመጣ ነበር። ቪየና ዛሬም ትቀርጸዋለች። በመሆኑም ሰብሳቢው በአብዛኛው የሚከፍለው 28 ግራም ለሚሆነው ክብደቱ፣ ይኸውም ከሺህ 833 እጅ ለሆነው ንጹሕ ብር ነው።

በአንጻሩ ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያስቀረጹትን፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን ብር ሕዝቡ በቀላሉ አልተቀበለውም። በቍጥር አነስተኛ በመሆኑም ዛሬ ደኅና ሆኖ የቈየው ከጠገራው ይልቅ ይፈለጋል። ገበያ የወደደው በዝቶ ረከሰ፤ ገበያ የናቀው ብርቅ ሆነ። እንግዲህ የውርስ ንብረት የሚገምት ባለሙያ ከዕድሜው አስቀድሞ ብዛቱን ይጠይቅ።