የጣሊያን የዘር ሕግ በኢትዮጵያ

የፋሺስት ጦር በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ወር ሳይሞላ ሮም ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ሶማሊያን በሕግ አዋህዳ «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» አለቻቸው። የአገሩ ሰው በዚህ ሕግ ተገዥ እንጂ ዜጋ አልነበረም። የሰሜኑ ደጋ አገር ላስታም መቀመጫው ጎንደር በሆነው የአማራ ግዛት ሥር ተደለደለ።

ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ከሁሉ ይከፋል። ጣሊያናዊ ከአገሩ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰር ነበር። በኤርትራ ለረጅም ጊዜ የተለመደው፣ «ማዳማ» የተባለው እንዲህ ያለ አብሮ መኖር በአንድ ጊዜ ወንጀል ሆነ። የፍርድ ቤቶቹ አሠራር የሕጉን ጭካኔ ያጋልጣል፦ ሴቲቱን በገንዘብ ያገኘ ወንድ አይከሰስም፤ አብሯት ማዕድ የቀረበ፣ ስጦታ የሰጣት፣ ላገባት ነው ያለ ግን ፍቅሩ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል። ቅጣቱ የተጻፈው ለጣሊያናዊው ብቻ ነው። ሴቲቱን ሕጉ ፈቃድና ስሜት ያላት ሰው አድርጎ የቆጠራት አይመስልም።

በ1931 ዓ.ም. «የዘር ክብርን» የሚነካ ድርጊት የሚያስቀጣ ሌላ ሕግ ተጨመረ። በ1932 ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ። የ1925ቱ የቅኝ ግዛት ሕግ ለእነዚህ ልጆች የዜግነት በር ከፍቶ ነበርና፣ አሁን በሩ ሲዘጋ ሸክሙ የወደቀው በእናቶቻቸው ላይ ነው።

በአዲስ አበባ መለያየቱ በመሬት ላይ ተሠመረ። በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ ተወስዶ የአገሩ ሰው ሰፈርና ገበያ እዚያ ተተከለ፤ የዛሬዎቹ አዲስ ከተማና መርካቶ ከዚያ የመጡ ናቸው። ሲኒማውም እንዲሁ ለነጭና ለጥቁር ተለየ።

በላስታ ደጋ ግን የዘር አገዛዙ ፊቱን ያሳየው ከፍርድ ቤት ይልቅ በጠመንጃ ነበር። በ1929 ክረምት መውጫ ላስታና ዋግ ሲያምፁ መሪያቸው ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ነበሩ። በመስከረም 1930 ተገደሉ፤ ጠላት አንገታቸውን ቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አሳየ። አርበኛው የሮምን ድንጋጌ አንቀጽ በአንቀጽ አንብቦ አልተነሣም፤ በገዛ አገሩ ተገዥ መባሉ ይበቃው ነበር። ትግሉም እስከ 1933ቱ ነፃነት ቀጠለ። ያኔ የዘር ሕጉ ከአገዛዙ ጋር ወደቀ።

ኢትዮጵያ የዘር አገዛዝን ጉዳይ በራሷ ድንበር አላቆመችውም። በ1953 ዓ.ም. ከላይቤሪያ ጋር ሆና፣ ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ አፓርታይድን አስፍናለች ብላ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሰች። በሐምሌ 1958 ዳኞቹ እኩል ለእኩል ተከፍለው፣ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱ ወደቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1959፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ በግዛቲቱ ላይ የነበራትን የሞግዚትነት ሥልጣን ሰረዘ። ግዛቲቱ ናሚቢያ ተብላ ነፃ የወጣችው ግን በመጋቢት 1982 ዓ.ም. ነው።