የበርኖሱ ሒሳብ

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ደጋፊያችን ለደጋ ልጆች የሚሆን 60 ሙሉ ልብስ እንድንሠራ ጠየቀን፤ ሹራብ፣ ኮፍያና ከባና የተሰፋ ሰደርያ። ዋጋ ማውጣቱ የእኔ ሥራ ስለሆነ ቁጭ ብዬ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። የበግ ፀጉር፣ ባና፣ ገበር፣ ቁልፍ፣ የልብስ ሰፊ ክፍያ፣ ትራንስፖርት፤ ሁሉንም ደመርኩ። በስብሰባ ላይ ሳነበው ከአባላቶቻችን በዕድሜ የሚበልጡት እናት «ልጄ፣ ፈትሉስ የት ገባ?» አሉኝ። እኔም «ፈትሉማ እማማ፣ በየቤታችን በትርፍ ሰዓት የሚሠራ ነው» ብዬ መለስኩ። ሣቁብኝ። «እኔስ ይኸው ሃምሳ ዓመት በትርፍ ሰዓቴ ስፈትል ኖርኩ» አሉ።

በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ የያዝኩ፣ የሠራተኛ ጉልበት ከምርት ዋጋ ውስጥ እንደሚገባ ተፈትኜ ያለፍኩ ሰው ነኝ። አፈርኩ። ቤት ገብቼም ይህ «በትርፍ ሰዓት» የሚባል ነገር ከየት እንደመጣ ማሰብ ጀመርኩ።

ሰንበቴ ቆላ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ ሲኬድ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማችንን የሚያውቅ ደጋፊ እዚህ ስለ ብርድ ልብስ መጻፌ ሊገርመው ይችላል። ነገር ግን ከከተማችን በስተ ምዕራብ ቀና ብሎ ተራራውን ላየ ነገሩ ግልጽ ነው። ከዚያ ላይ መንዝ አለ። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው አገር ነው። እዚያ ጥጥ አይበቅልም፤ ገብስና በግ ግን አለ። ሸማ የሚሆነው ጥጥ ከቆላው ተገዝቶ መውጣት ነበረበት፤ ለብርዱ መከላከያ የሚሆነው ግን በደጃቸው ይግጥ ነበር። የመንዝ በግ ትንሽና ላቱ ወፍራም ሲሆን ፀጉሩ ሸካራ ነው። ለስላሳ ልብስ አይወጣውም፤ ለውርጭ ግን የታመነ ነው።

በሌላው ዓለም የብርድ ወቅት ሲባል በረዶ ነው የሚታሰበው። የእኛ ደገኛ ግን ሁለት ብርድ አለበት፤ አንዱ ከሰኔ ጀምሮ ከዝናቡ ጋር የሚመጣው፣ ሌላው ሰማዩ ጠርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ። ለዝናቡ ከሣር የሚሠራ ገሳ ነበረ፤ የጓሳ ሣር ለዚህም ይውላል። ለሁለቱም ብርድ ግን በርኖስ ይደረባል። በርኖስ ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በሰሜን አፍሪካ አገሮችም የሱፍ ካባን በዚሁ ስም ይጠሩታል። የእኛው በቀኝ ትከሻው ላይ እንደ ቀንድ ሹል ያለ ጫፍ ስላለው ከሩቅ ይታወቃል። ከጥቁር በግ ፀጉር ሲሠራ ማቅለሚያ አያስፈልገውም። ለመኝታና ለመደረቢያ የሚሆነው ባናም እንዲሁ የበጎቹን መልክ ይዞ ይወጣል፤ ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ቡናማው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልመለስ። በጉ ይሸለታል። ፀጉሩ ይታጠባል፤ ከእሾህና ከገለባ ይለቀማል፤ ይፈለቀቃል፤ ይነደፋል። ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። የአንድ በግ ፀጉር ለአንድ በርኖስ ስለማይበቃ ይህ ሁሉ ደጋግሞ የሚሠራ ነው። ልቃቂቱ ሲሞላ ወደ ሸማኔው ይሄዳል፤ ሸማኔው ድርና ማጉን አገናኝቶ ይሸምናል፤ ቁራጮቹ ጎን ለጎን ይሰፋሉ። ሸማኔው ወንድ ነው፣ ይከፈለዋል። ሰፊው ወንድ ነው፣ ይከፈለዋል። ከመሸለቱ በኋላ እስከ ሸማኔው ደጅ ድረስ ያለው ግን የሴት ሥራ ነው፤ ወጥ እስኪበስል፣ ልጅ እስኪተኛ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሳይቀር ትሠራዋለች።

ሸማኔውም ቢሆን ክብር አልነበረውም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ እስከ ማዘዝ ደርሰዋል። ፈታይዋን ግን ማንም አይሰድባትም ነበር፤ ከባላገር ሚስት እስከ እመቤት ድረስ ሁሉም ይፈትላል። እኔ እንደሚመስለኝ ጉዳቱም እዚሁ ላይ ነው። ሁሉም የሚሠራው ሥራ እንደ ሙያ አልተቆጠረም፤ እንደ ሙያ ያልተቆጠረም ዋጋ አልወጣለትም።

የእሑድ ገበያችን ይህንን በደንብ ያሳያል። ሰንበቴ ገበያ ደገኛው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙበት፣ ከሰኞው የባቲ ገበያ ጋር አብሮ የሚነሣ ነው። በልጅነቴ ከደጋ የወረደው ነጋዴ ባናውን በአህያ ጭኖ አምጥቶ መሬት ላይ ሲዘረጋው አስታውሳለሁ። ገዢው በጣቱ ዳሰስ አድርጎ የሽመናውን ጥብቀት ያያል፤ «ማን ሸመነው?» ብሎ ይጠይቃል። ማን ፈተለው ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢያችን ግጭት በደረሰ ጊዜ ደገኛ ያልወረደባቸው እሑዶች ነበሩ። ያኔ ባናም ፀጉርም ጠፋ፤ የአባሎቻችን እንዝርትም ሥራ ፈታ። በትርፍ ሰዓት ይሠራል የምለው ነገር ስንት ቤት ያስተዳድር እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነበር፤ ሠንጠረዥ ሳወጣ ግን ረሳሁት።

በ1950ዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ። በዚያው ዘመን የበግ ማራቢያ ጣቢያም ተከፍቶ የመንዝን በግ ከውጭ ዝርያ ጋር ማዳቀል ተጀመረ፤ በ1970ዎቹ አዋሲ የሚባለው በግ ከእስራኤል መጣ። ዓላማው ሥጋውም ፀጉሩም እንዲሻሻል ነበር። ስለ በጉ ታሰበ፣ ስለ መኪናው ታሰበ፤ እንዝርቷ እንደነበረች ቀረች። በኋላ ደግሞ ሰልቫጅ መጣና በርኖስን ከወጣቱ ትከሻ ላይ አወረደው። በርካሽ የሚገኝ ጃኬት እያለ ማን ወራት ይጠብቃል? አልፈርድባቸውም፤ እኔም ለልጄ ሰልቫጅ ገዝቻለሁ።

ሹራብ ከበርኖስ ጋር ሲተያይ የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። በግብፅ ዐረብኛ ሹራብ ማለት ካልሲ ነው፤ እኛ ጋ ከእግር ወደ ደረት ወጣ። ብዙዎቻችን ሹራብና ኪሮሽ የተማርነው ከእናቶቻችን ሲሆን እነሱ ደግሞ በትምህርት ቤት የባልትና ክፍለ ጊዜ ከተማሩ ጓደኞቻቸው ነው።

ተሰባስቦ መስፋቱም ቢሆን በእኛ አልተጀመረም። የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ሲመጣ የአዲስ አበባ ሴቶች ለዘማቹ ፋሻና ልብስ፣ ለመርዝ ጋዙም መከላከያ ጭንብል ሲሰፉ ነበር። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በዚህ ሥራ ግንባር ቀደም ስለነበሩ ስማቸው ተጽፎ ይገኛል። መርፌውን ይዘው ያመሹት የብዙዎቹ ስም ግን የለም።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ሦስት አባሎቻችን ሰዓታቸውን በደብተር እንዲይዙ አደረግን። ማጠቡንና መልቀሙን ሳይጨምር ለአንድ የልጅ ሹራብ የሚሆን ክር ለመፍተል 14 ሰዓት ያህል ወሰደ፤ ሹራቡን ለመሥራት 16። ሰፊው ሰደርያውን በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረሰው። በመጀመሪያው ሠንጠረዤ ውስጥ ዋጋ ያገኘው የእሱ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ሠላሳው ሰዓት ዜሮ ተጽፎበታል ማለት ነው።

ሠንጠረዡን አስተካክዬ ላክሁ። ዋጋው ስለ ጨመረ ደጋፊያችን «በዚህ ብር ከገበያ ሁለት ጃኬት ይገዛል» ሲል ጻፈልን፤ እውነቱን ነው። የሰዓቱን ደብተር ግልባጭ ላክንለት። በመጨረሻ 60ው ቀርቶ 40 ልብስ በሙሉ ዋጋ ወሰደ። በዚህ ላይ ማኅበራችን እስከ ዛሬ አልተስማማም። ግማሾቻችን «ሃያ ልጅ በረደው» ይላሉ፤ ግማሾቻችን «በነፃ እየፈተልን ልጅ አናለብስም» ይላሉ። እኔ ሒሳቡን እንጂ ፍርዱን አላውቅም።

ክፍያው ሲመጣ «ፈትል» የሚል ዓምድ ያለው የክፍያ ሰነድ አዘጋጀሁ። እኒያ እናት በአውራ ጣታቸው ፈረሙና ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። ቀድመን የቆረጥናቸው ሃያዎቹ ሰደርያዎች ግን ገበር ሳይገባላቸው ቢሮው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከመስቀል በኋላ በእሑድ ገበያ እንሞክራቸዋለን።