የማይ ፖ ረግረግ፤ ለሰው የታጠረው አጥር ለወፍ እንደ ጠቀመ

በሆንግ ኮንግ ሰሜናዊ ምዕራብ፣ ዲፕ ቤይ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር፣ ማይ ፖ የሚሉት ረግረግ ይገኛል። (ስሙ ከግዕዙ «ማይ» ጋር ቢገጥምም ዝምድና የለውም፤ በአገሩ ቋንቋ የሩዝ ስም ነው።) ከወሽመጡ ማዶ የሼንዠን ከተማ ረጃጅም ሕንጻዎች ተደርድረው ይታያሉ። በሁለት ታላላቅ ከተሞች መካከል ያለ ረግረግ ሳይደፈን እንዴት ሊቆይ ቻለ ብለን ስንመረምር ያገኘነው መልስ ከጠበቅነው የተለየ ሆነ። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1951 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት መንግሥት ከቻይና ድንበር የሚገባውን ሰውና ኮንትሮባንድ ለመግታት ሲል፣ በወሰኑ አጠገብ ያለውን ምድር ማንም ያለ ፈቃድ እንዳይገባበት ከለከለ። ስለ ወፍ ያሰበ አልነበረም። ይሁን እንጂ ክልከላው ቤት ሠሪውንም አዳኙንም አራቀ።

ማይ ፖን ያዳነው አጥሩ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ግን እኛ አንስማማም፤ ረግረጉ የሰው እጅ ሥራም ጭምር ነውና። በ1940ዎቹ ገደማ ሰዎች ማንግሮቭ የበቀለበትን የባሕር ዳር በአፈር ግድብ ከፋፍለው «ጌይ ዋይ» የተባሉትን የሽሪምፕ ኩሬዎች ሠሩ። ባሕሩ ሲሞላ የውሃውን በር ከፍተው ደቃቃውን ሽሪምፕ ያስገባሉ፤ እርሱም የረገፈውን ቅጠል ብስባሽ እየተመገበ ያድጋል። ለመኖ የሚወጣ ገንዘብ የለም። በሞቃቱ ወራት ባሕሩ ሲጎድል በሌሊት በሩን ከፍተው በመረብ ይይዙታል። በብርዱ ወራት ኩሬው ሲደርቅ በጭቃው ላይ የሚቀረው ትንንሽ ዓሣ ከሰሜን ለሚመጡት ወፎች ሲሳይ ነው። ኋላ ዓሣ ማርባት የበለጠ ስላተረፈ አያሌ ጌይ ዋዮች ወደ ጥልቅ የዓሣ ኩሬ ተለወጡ፤ በጥልቅ ውሃ ደግሞ ረጅም እግር ያለው ወፍ እንኳ ቆሞ ሊለቅም አይችልም።

ቦታው በ1976 ልዩ ሳይንሳዊ ጥቅም ያለው ተብሎ ተመዘገበ፤ በ1995 ከዲፕ ቤይ ጋር 1,500 ሄክታር ያህሉ በራምሳር ስምምነት መዝገብ ገባ። ከ1983 ጀምሮ ጥበቃውን የያዘው የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ የሆንግ ኮንግ ቅርንጫፍ ነው። የጠባቂዎቹ ዋና ሥራ ወፍ አባራሪን ማሳደድ ሳይሆን፣ አሮጌውን ሙያ ይዞ ኩሬዎቹን በየተራ ማድረቅ ነው።

ይህ መጥቀሙን ያስረዳው ቆጠራ ነው። ፊቱ የጠቆረ፣ ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሰፋ አንድ ነጭ ወፍ በ1980ዎቹ መጨረሻ በዓለም ሁሉ የተቆጠረው ከ300 በታች ነበር። ወፉ በኮሪያ ልሳነ ምድር ምዕራባዊ ደሴቶች ይፈለፍላል፤ በታይዋን፣ በጃፓን፣ በቻይናና በቬትናም ዳርቻዎች ይከርማል። ስለዚህ በየዓመቱ በጥር በሁሉም ዘንድ በአንድ ሰሞን ይቆጠራል፤ በ2023 ከ6,000 በላይ ሆኖ ተገኘ።

ነገር ግን በዲፕ ቤይ ያለው ቁጥር ከጥቂት መቶዎች አላለፈም፤ የዓለሙ ድምር ሲያድግ እርሱ አብሮ አላደገም። አጥርም ኩሬም እያለ ወፎቹ ሌላ ዳርቻ መምረጣቸው እኛን ያሳስበናል። ወዴት እንደ ሄዱም የሚታወቀው በእግራቸው በታሰረው ባለ ቀለም ቀለበት ነው፤ በሌላ አገር ጭቃ ላይ የቆመ ሰው በመነጽር ያነበዋል።