ብራውዘር ስለ መለወጥ

ሚያዝያ 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከ6ኛው እስከ 11ኛው እትም ድረስ አደገኛ ክፍተት መኖሩን አስታወቀ። ተንኮል ያለበትን ገጽ የከፈተ ሰው ኮምፒዩተሩን ለሌላ ሊያስረክብ ይችል ነበር። የአሜሪካ መንግሥትም እርማቱ እስኪወጣ ድረስ በሌላ ብራውዘር መጠቀምን መከረ። እርማቱ ሚያዝያ 23 ቀን ወጣ፤ ድጋፉ መጋቢት 30 ቀን ለተቋረጠው ለዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳ ተሰጠ።

ይሁን እንጂ በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ በቀጭን መስመር ለሚጠቀም ሰው ሌላ ብራውዘር ማለት ብዙ ጊዜ ርካሹ ማለት ነው። ኦፔራ ሚኒ ገጹን በኩባንያው ሰርቨር ጨምቆ ስለሚልክ ሒሳብ ይቈጥባል። ነገር ግን በከፍተኛው የቍጠባ ስልት የተቈለፈውን ገጽ ሳይቀር እዚያው ይፈታዋል፤ ደብዳቤን አሳጥሮ እንዲያደርስ ለመልእክተኛ ከፍቶ እንደ መስጠት ነው። ዜና ለሚያነብ ይህ ብዙም አያሳስብም። የቡናውን ገንዘብ በባንክ ገጽ የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ግን አስቀድሞ ያንን ስልት ማጥፋት ይኖርበታል።