ከኖራ ድንጋይ ወደ መስታወት ባሕር

የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ ከነበረችው ከሰላ ድንጋይ ተነሥቶ ስለ ባሕር ማውራት ለአንባቢ እንግዳ ሳይመስል አይቀርም። ይሁንና ከደጋው በስተምዕራብ የጀማ ሸለቆ እየጠለቀ በሄደ መጠን፣ ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሥር የኖራ ድንጋይ ይገለጣል። ይህም በጁራሲክ ዘመን አገሩን ሸፍኖት በነበረ ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ነው። በአፋር ዝቅተኛ ምድር ጠርዝም፣ ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶ ሳለ ያደጉ ኮራሎች ደርቀው ይታያሉ። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትምና፣ ዛሬ ተማሪያችን ሕያው ኮራል በቅርብ ሊያይ የሚችለው በመስታወት ገንዳ ውስጥ ነው።

ኖራን ማቃጠል በአገራችን የቆየ ታሪክ አለው። አልሜዳ የተባለው ኢየሱሳዊ እንደ ጻፈው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት ከህንድ የመጣ አንድ ሰው ቀላልና ነቀዝ የበላው የሚመስል ድንጋይ አግኝቶ ለኖራ እንደሚሆን አሳየ። የጎንደር ግንቦችም በኖራ ተያይዘው ቆሙ። የነገሩን ምሥጢር በኬሚስትሪ የገለጠው ግን ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1756 ባወጣው ጽሑፍ፣ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል አንድ ዓይነት አየር እንደሚለቅ፣ ጥሩው የኖራ ውሃም ያንኑ አየር መልሶ ሲቀበል እንደሚደፈርስ አስረዳ። ያ አየር ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው ነው።

ይህ ዕውቀት ወደ ኮራል ገንዳ የገባው እጅግ ዘግይቶ ነው። ፔተር ቪልከንስ እ.ኤ.አ. በ1973 በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ የኖራ ውሃን ለገንዳ ኮራሎች አስተዋወቀ። የባሕር ውሃ በሊትር 410 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ይይዛል፤ ድንጋያማው ኮራል ይህንን ከካርቦኔት ጋር እያዋሐደ አጽሙን ይሠራል። ውቅያኖስ በዚህ አይጎድልም፤ ትንሽ ገንዳ ግን ይጎድላል። በ100 ሊትር ገንዳ ያለው ካልሲየም በጠቅላላው 41 ግራም ብቻ ነው። ኮራሎቹ በቀን አንድ ግራም ቢወስዱ፣ በሊትር 10 ሚሊግራም ቀነሰ ማለት ነው። አሞሌ ወይም የገበያ ጨው አሟሙቶ ባሕር መሥራትም አይቻልም፤ ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነውና።

የጠገበ የኖራ ውሃ በሊትር 0.8 ግራም ያህል ካልሲየም ይሰጣል። ካልሲየም ክሎራይድ ብቻውን ቢጨመር ካርቦኔቱ ይጎድላል፤ የኖራ ውሃ ግን ሁለቱንም ኮራሉ በሚወስደው ልክ ይተካል። ለዚህም ነው ርካሹ ኖራ ከውድ መድኃኒቶች የማያንሰው። ወሰኑ ግን ግልጽ ነው፤ ከተነነው ውሃ በላይ ሊጨመር አይችልም። በቀን አንድ ሊትር ብቻ ከተነነ፣ ከላይ የተባለውን አንድ ግራም ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ቀሪው በሌላ መንገድ መሞላት አለበት።

ፒኤች መጠኑ 12.4 ገደማ ስለሆነ፣ ዝቃጩ ተቀርቶ ጥሩው ብቻ በጠብታ፣ በተለይም የገንዳው ፒኤች ዝቅ በሚልበት በሌሊት ይጨመራል። በላዩ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፣ ብላክ የገለጠው አየር ኖራውን መልሶ ድንጋይ እንዳደረገው ያሳያል፤ ስለዚህ ዕቃው ይከደናል። ልኬቱ በማናቸውም የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ በኢዲቲኤ ይሠራል፤ በቅድሚያ ፒኤቹ ከፍ ተደርጎ ማግኒዝየሙ እንዲዘቅጥ ይደረጋል፣ አለዚያ ከካልሲየሙ ጋር ተደምሮ ይቆጠራል።